ሸምበቆው ያላስቀረው መድኃኒት

ዓርብ ዓርብ አል ኹበር ሸማሊያ የአገሬ ልጆች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ሁሌ ብድግ ይልና «መጣ የሽንት ቤቱ ሹም!» ይላል። ሌላው አፍንጫውን ይይዛል። እኔም አልተኛላቸውም፤ «እናንተ የምታወጡትን የማጠራው እኔ ነኝ፣ ብታከብሩኝ ይሻላችኋል» እላቸዋለሁ። ሥራዬን በቅጡ ላስረዳቸው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ኧረ ማን ሰምቶኝ! ሳውዲ ድረስ መጥቶ ረግረግ የሚጠብቅ ሰው ከእኔ በፊት አላዩም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁም።

የተወለድኩት ወሎ ነው፤ ቦርከና ወንዝ ሜዳ ለሜዳ ተኝቶ ረግረግ ከሚሠራበት አገር። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ፊላና ደንገል ስናጭድ፣ ከእግራችን ላይ አልቅት ስንነቅል ነው ያደግነው። ከዚያ ጭቃ ልገላገል ብዬ ባሕር ተሻግሬ ብመጣ፣ የአላህ ሥራ አይታወቅም፣ ደማም ዳር ያው ረግረግ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ልዩነቱ የኛውን አላህ ፈጠረው፣ ይኼኛውን ሰው ሠራው።

ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ እርሻ ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የቤቱ ውሃ፣ የወጥ ቤቱም የመታጠቢያውም የሽንት ቤቱም፣ መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወፍራሙ ይረጋል። ከዚያ ቀጭኑ ውሃ ከታቹ ወፍራም ላስቲክ ወደተነጠፈበት፣ በጠጠር ወደተሞላ ረጅም ቦይ ይገባል። ጠጠሩ ላይ ሸምበቆና ፊላ ተተክሏል። ውሃው የሚሄደው ከጠጠሩ ሥር ስለሆነ ለዓይን አይታይም፤ ትንኝም ሽታም የለም። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጠርቶ ይወጣና የቴምር ዛፎቹን ያጠጣል። ከጎኑ ደግሞ ጠጠር ብቻ ያለው፣ ምንም ያልተተከለበት ሌላ ቦይ አለ፤ ተክሉ ምን እንደሚሠራ ለማወዳደር የተቆፈረ ነው። የኔ ሥራ ቱቦ እንዳይደፈን ማየት፣ የደረቀውን ሸምበቆ ማጨድ፣ በበጋው እሳት ተክሉ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሶ ጨዉ እንዳይበዛበት መከታተል ነበር። ያጨድኩትን ለበግ መስጠት ክልክል ነው። አንድ ቀን ለጎረቤት በጎች አንድ እቅፍ ልሰጥ ስል መሐንዲሱ «ከውሃው የጠጣው ሁሉ ተክሉ ውስጥ አለ!» ብሎ ጮኸብኝ።

መሐንዲሱ ሱዳናዊ ነው፤ ውሃውን በጠርሙስ እየቀዳ ወደ ምርመራ ቤት የሚወስደው እሱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ወሬም ይወዳል። «እናንተ አገር ውሃ ቆሸሸ ሲባል ምን ታያለህ?» አለኝ። «ጭቃ፣ እበት» አልኩት። «እሱማ ቀላሉ ነው» አለኝ። ሰው የሚውጠው የራስ ምታት ክኒን፣ የስኳሩ፣ የደም ግፊቱ፣ የወሊድ መከላከያው፣ የሚቀባው ቅባት፣ የሚታጠብበት ሽታ ያለው ሳሙና፣ ሁሉም ሰውነት ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የቀረው ከሰው ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ተራው የፍሳሽ ማጣሪያ ይኼን አይዝም። በጣም ጥቂት ስለሆነ ድሮ ማንም አያየውም ነበር፤ አሁን የሚያይ መሣሪያ መጣ፣ ሲታይ ደግሞ ሰው ፈራ። ዓሣው ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ለዓመታት የጠጣው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና ተጣርቶ አልታወቀም። «አዲስ መጤ በካዮች ነው የምንላቸው» አለኝ። «የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የላቸውም በለኛ!» ስለው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በሌላ ዓይን አየሁት። የሸምበቆው ሥር አየር ወደ ታች ያወርዳል፤ ሥሩና ጠጠሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይኖራሉ፤ መድኃኒቱን ቀስ እያሉ የሚበሉት እነሱ ናቸው። የትኩሳቱ ክኒን ቶሎ ይጠፋል። አንዳንዱ ግማሹ ይቀራል፣ ግማሹ ያልፋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሉት ደግሞ ግትር ነው፤ እንደገባ ይወጣል። መሐንዲሱ በየጊዜው «ዛሬ እንዲህ ያዘ፣ እንዲህ አመለጠው» እያለ ሲነግረኝ እኔም በሸምበቆዬ መኩራት ጀመርኩ። ሰው በምን አይኮራም!

ለዚህ ሥራ ያበቃችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እዚያው ትልቁ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ማዳም አምናት ቤቱን ሁሉ የሰጠችው ለእሷ ነው። ካፊሏን፣ የቤቱን ጌታና አሠሪዋን፣ ለምና ቪዛ አስወጥታ አስመጣችኝ። እታለም እላታለሁ፤ እናታችን እርሻ ላይ ስትውል እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ከእህትም በላይ ናት። አንድ ግቢ ብንኖርም እንደልብ አንገናኝም። እኔ ቤት ውስጥ አልገባም፤ እሷ ሥራ አይለቃትም። በወጥ ቤቱ የኋላ በር ብቅ ትልና የተረፈ ምግብ ታቀብለኛለች፣ ትንሽ ታሾፍብኛለች፣ ትገባለች።

አንዲት ልጅ አለቻት። አባቷ ገና በሕፃንነቷ ጥሏቸው ሄደ፤ ልጅቷ ጡት እንደተወች እናቷ ወደዚህ መጣች። አያቷ ጋ አደገች። እህቴ ለዕረፍት ሄዳ ያየቻት አንዴ ብቻ ነው፤ የቀረው በስልክ ነው። ያን ዓመት ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። እህቴ ሌላ ወሬ የላትም። «ፈተናው ከባድ ነው አሉ፤ ስንቱ ጎበዝ ይወድቅበታል አሉ» ትላለች። «አብሽሪ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትፈተኚው!» እላታለሁ።

አንድ ቀን መሐንዲሱ ምሳችንን ቴምሩ ሥር እየበላን «በዚህ ቤት ውሃ ውስጥ አዲስ ነገር አገኘን» አለኝ። ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት። «የጡት ካንሰር ክኒን ነው። ሸምበቆህ ጥቂቱን ያዘው፣ የቀረው አለፈ። አላህ ያሽራት፣ አንዲት ሴት ታማለች» አለና ዳቦውን ቆረሰ። የማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ የሰው ገመና ነው። እኔ ግን ወዲያው ማዳምን አሰብኩ። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ሰሞኑን ሐኪም ቤት ስትመላለስ አይቻለሁ፤ እህቴ አብራት ትሄዳለች።

እኛ አገር የታመመ ሰው መኖሩን ሰምቶ መቅረት ነውር ነው። ጠላትህ እንኳ ቢታመም ሄደህ ደጁ ላይ «አላህ ያሽርህ» ብለህ ትመለሳለህ። እኔ ደግሞ የዚችን ሴትዮ እንጀራ እየበላሁ ነው። የሰማሁት ከሽንት ቤት ውሃ መሆኑን ረሳሁት፤ የታመመ አለ፣ መጠየቅ አለበት፣ አለቀ። ከአስር ሶላት በኋላ ታጥቤ፣ ንጹሕ ጀለቢያዬን ለብሼ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዤ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩና ማዳምን ጥሩልኝ አልኩ።

ማዳም ተከናንባ መጣች። ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ «ላ ባእስ፣ ጠሁር ኢንሻአላህ» አልኳት፤ ለታመመ የሚባለውን። ቀና ስል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ነገረችህ! እኔኮ ስንት ጊዜ ወንድምሽ ነው፣ ንገሪው ብያት እምቢ አለችኝ» አለች።

ማን ብዬ አልጠየቅሁም። ፌስታሉ እጄ ላይ ከበደኝ፤ ላስቀምጠው እንደሆነ፣ ይዤው ልመለስ እንደሆነ አላውቅም። ያቺ ከስታ «እንደ ማዳም ሬጂም ይዣለሁ» እያለች የምትስቅብኝ እህቴ፣ ያቺ ግራ እጇን ማንሳት አቅቷት «ብርድ ነው» ያለችኝ እህቴ በአንዴ ታየችኝ። ያረቢ! እንዴት ዓይኔ አያይም?

ማዳም ገባችና እሷን ላከችልኝ። መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች፣ ብርቱካኑን አየችው። «ለማዳም ብርቱካን? ለእኔ አንድም ቀን አምጥተህልኝ አታውቅም» አለችኝ። አሁንም ልታስቀኝ ነው እኮ! ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ባዳ ነኝ? ማዳም አውቃ እኔ የማላውቀው ምን አድርጌሽ ነው?»

«አትጩህ፣ የሰው ቤት ነው» አለችኝ።

ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። ገላዋን ስትታጠብ ነው ያገኘችው። ትንሽ እብጠት ነበር፤ ይጠፋል ብላ ደበቀችው። ከማዳምም ደበቀችው። ቆስሎ ልብሷን ሲነካው ማዳም አየችና ሐኪም ቤት ወሰደቻት። «ከጡቴ አልፎ ሄዷል አሉኝ» አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» ስላት «ይኸው መድኃኒቱን እየዋጥኩ አይደል? እሱ ያቆየኛል» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«ልጄ ፈተናዋን እስክትጨርስ። ከዚያ እሄዳለሁ። እኔን በዚህ መልኬ ካየችኝ ደብተር አትነካም፣ አውቃታለሁ። እኔ ስምንተኛን አቋርጬ የሰው ቤት ነው የጠረግሁት። እሷ በእኔ ምክንያት አንድ ነገር አታቋርጥም።»

ለመንኳት። «አሁን ሂጂ፤ ፊትሽን እያየች ትማር፣ ብትወድቅ በሚመጣው ዓመት ትፈተናለች፤ እናት ግን በሚመጣው ዓመት አትገኝም» ብያታለሁ። እንዲህ ያለ ክፉ ቃል አፌ ላይ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። አልተቆጣችም። «ታገኘኛለች፣ ኢንሻአላህ» አለችና ብርቱካኑን ከእጄ ተቀብላ ገባች።

እኛ ሰዎች ክፉ ወሬ መደበቅ ያሳደገን ነገር ነው። ውጭ ላለ ሰው የአገር ቤት ሐዘን አይነገረውም፤ አገር ቤት ላለ የውጭው አይነገረውም። መርዶ እንኳ ቀን ተመርጦለት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦለት፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እዝነት ነው ይሉታል፤ ነውም። ያን ሰሞን ግን ቆሽቴ አርሮ ነበርና ይኼን እዝነት ከነሥሩ ነቅዬ ብጥለው ደስታዬ ነበር። ስልኬን አንስቼ ለልጅቷ ልነግራት እልና የእህቴ ፊት ይመጣብኛል። ልጅቷ የእሷ ናት፣ እናቷም እሷ ናት፤ እኔ ማነኝ? ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ካፊሉን ኹሩጅ ጠየቅነው፤ የአገር መውጫ ወረቀቷን ማለት ነው። ክፉ ካፊል ያለበት ሰው ስንት መከራ እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ይኼ ሽማግሌ ግን ነገሩን ሲሰማ «መቼ ትሂድ?» ብቻ ነው ያለው። እህቴ ፈተናው ያለቀ ሰሞን እንዲሆን ለመነችው። የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠላት፤ ለልጇም «ፈተናሽን ስትጨርሺ እመጣልሻለሁ» አለቻት።

ከዚያ እኔ ሸምበቆው ዳር ቁጭ ብዬ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ውሃው በቱቦው ሲገባ ድምፁን እሰማለሁ። ከዚያ ውስጥ የእህቴ መድኃኒት እንዳለ አውቃለሁ። መሐንዲሱ ጠርሙሶቹን ወስዶ በተመለሰ ቁጥር ሌላ ሌላውን ጠይቄ ጠይቄ መጨረሻ ላይ «ያ ክኒንስ?» እለዋለሁ። «አለ» ይለኛል፣ «ይኼ ሸምበቆ እሱን አልቻለውም» ብሎ ያዝናል። እኔ በልቤ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። አለ ማለት እየዋጠች ነው፤ እየዋጠች ነው ማለት አለች። ሰውዬው ውሃው እንዲጠራለት ይለፋል፣ እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ እንዳይጠራ ዱዓ አደርጋለሁ። ይኼ ለማን ይነገራል? ሻይ ቤትም መሄድ ተውኩ።

ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። እህቴ በሩ ላይ ብቅ ማለቷ እየቀነሰ መጣ። ማዳም ሥራ እንዳትነካ ከልክላት ክፍሏ ውስጥ ታስተኛታለች፤ እኔም የቤቱ ሴቶች ላይ ዓይኔን እንዳልጥል ባዕድ ሆኜ ደጅ እቆማለሁ። አንዳንዴ በመስኮት ታወራኛለች። ልጇ ስትደውል ካሜራውን ታጠፋና «ኔትወርክ የለም እኮ» ትላታለች፤ ከዚያ ስለ ጥናት ብቻ ያወራሉ። አንድ ቀን ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ስሰማ «የፊዚክሱን ደግመሽ እዪው» እያለቻት ነበር። ፊዚክስ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

መሐንዲሱ አንድ ቀን መኪናውን ገና ሳያቆም እየሳቀ ወረደ። «ማብሩክ!» አለኝ። «ያ የጡት ካንሰር ክኒን ጠፋ! ከሚወጣውም ከሚገባውም ውሃ የለም፤ ቤቱ ንጹሕ ሆነ። ሴትዮዋ ድናለች ማለት ነው።» ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እየሮጥኩ ወደ ወጥ ቤቱ በር ስሄድ ማዳም ራሷ ከፈተችልኝ፤ መልኬን አይታ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ሐኪሞቹ ክኒኑን አስቁመውታል። ጉበቷ ገብቷል፣ ከእንግዲህ አይጠቅማትም፣ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው ያሏት። ስመለስ መሐንዲሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብዬ «እህቴ ናት» አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አጠገቤ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ፣ ያን ቀን ውሃ አልቀዳም።

ያኔ ዝም አላልኩም። በመስኮቱ «በዚህ ሳምንት ትሄጃለሽ፣ ኸላስ!» አልኳት። «በወንበር እየገፋሁም ቢሆን አውሮፕላን ውስጥ አስገባሻለሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ልትለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «ልጄኮ ፈተና ልትገባ ነው» አለችኝ። «አሁን በደጃፍ ይዘውኝ ቢገቡ፣ ያቺ ልጅ ብዕር ትይዛለች? ይኼን ያህል ታግሻለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።» ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም፤ እኔን በጀርባዋ አዝላ የምትቆጣኝ ሴት ድምፅ አልነበረም። አንጀቴን በላችው። ደግሜ አልተሟገትኳትም።

ፈተናው አገር ቤት እንደምታውቁት ሆኗል፤ ተማሪዎቹን ሰብስበው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስገቡና ስልክ አይያዝም። ልጅቷ ከመግባቷ በፊት ደወለች። እህቴ ያኔ ደማም ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እኔም የሰው ቤት ስላልሆነ ገብቼ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። «ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ። የማታውቂውን ዘለሽ የምታውቂውን ቀድመሽ ሥሪ። አትቸኩዪ» አለቻት። ይኼን ሁሉ ሳታቋርጥ ተናገረች። ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ልጅቷ ግቢ ውስጥ እያለች፣ እህቴ ሐሙስ ቀን ከዙህር ሶላት በፊት ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ማዳም አጣቢዎቹ ጋ ገብታ በገዛ እጇ አጠበቻት። ከአስር በኋላ ሰገድንባት፣ ደማም ቀበርናት። ካፊሉ አፈር ሲያለብስ አየሁት። የኹሩጁ ወረቀት እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ለእናቴ ወንድም ደውዬ ነገርኩት። «ልጅቷ እስክትወጣ አፍህን ዝጋ» አለኝ። «የመጣችበት ቀን ትረፍ፤ ጎህ ሲቀድ እኛ እንነግራታለን። አያቷንም እስከዚያ ዝም እናሰኛለን።» እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

ፈተናው ባለቀ ቀን ቱቦ እየጠረግሁ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አጎቴ! ጨረስኩ!» አለች። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባና የልጆች ጩኸት ይሰማል። «ስልኩ የሰው ነው፣ አውቶብስ ውስጥ ነኝ። እማዬ ስልኳን ዘግታዋለች። የት ናት?»

«ማዳም እንግዳ አለባት» አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላህ ያውቃል።

«ሁልጊዜ እንግዳ! በል ንገርልኝ፤ ፊዚክሱን ሠርቼዋለሁ በላት። የማላውቀውን ዘለልኩ፣ እንዳለችኝ። ሒሳቡ ትንሽ አስቸግሮኛል፣ ግን አልፋለሁ። ደስ ይላታል አይደል?»

«ደስ ይላታል።»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው፣ የኔ ልጅ። የአየር ማቀዝቀዣው ብርድ ነው።»

ሳቀችብኝ፤ ሳቋ የእናቷ ነው። ቱቦውን የያዝኩበትን እጅ ነከስኩት። አገር ቤት ያን ሰዓት የእናቴ ወንድም፣ ጎረቤቱ፣ የሰፈሩ ሸኽ ሁሉ ለነገ ጎህ ተቀጣጥረው ጨርሰዋል።

«አጎቴ፣ ልዘጋ ነው፣ ባለስልኩ እየጠበቀኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ እማዬ የምትደርስበትን ቀንና ሰዓት ንገረኝ። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ወጥቼ እኔ ነኝ የምቀበላት፣ ማንም እንዳይቀድመኝ።»

«ቤት ስትገቢ ይነግሩሻል» አልኳት።

«እሺ!» አለችኝና ስልኩን ለባለቤቱ መለሰችለት።